ገበሩን ለሚያሳይ ሰፊ

ልብስ ሰፊ የባልንጀራውን ሥራ ሲመረምር በፊቱ ብቻ ረክቶ አይመለስም፤ ገልብጦ ገበሩን ያያል። ክሩ የት እንደ ታሰረ፣ ለስፌቱ ምን ያህል ትርፍ ጨርቅ እንደ ተተወ፣ እጅጌው ከትከሻው በሚጋጠምበት ስፍራ ጨርቁ በግድ ተጎትቶ ይሁን ወይም በትዕግሥት ተባብሎ፣ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በዚያ ነውና። ይህን ልማድ የወረስሁት ወገራ ላይ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ የካህናትን ካባ ሲጠግን ይውል ከነበረው ከአባቴ ነው፤ እርሱም የተቀደደውን ከመስፋቱ አስቀድሞ የቀደመው ሰፊ ምን አስቦ እንደ ነበር ለማወቅ ካባውን ገልብጦ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይመለከተው ነበር።

እኔ በዚህ ዘመን የምሰፋው ከዕለት ልብስ ይልቅ የአምሳል ልብስ ነው። በጥምቀት ሰሞን የጎንደር ወጣቶች የጥንቱን ጦረኛ መስለው፣ ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው፣ ጋሻና ጦር ይዘው እየፎከሩ ታቦታቱን ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ያጅባሉ። ትምህርት ቤቶችም የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በተውኔት ሲያሳዩ፣ ንጉሡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም ለእኛ የሩቅ አገር ስላልሆነች፣ ተመልካቹ ለይስሙላ የተሰፋ ልብስ አይታገሥም። ከመቅደላ የተወሰደውና የንጉሡ ሚስት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለው ቀሚስ ግን ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጦአል፤ ሥዕሉን አይቼዋለሁ፣ እጄን ዘርግቼ ገበሩን እገልጥ ዘንድ ግን አልተቻለኝም። እንግዲህ አርአያው ከእጅ የራቀበት ሰፊ ትምህርቱን ከሩቅ ሊሻ የግድ ሆነ፤ እኔንም በየወሩ ገንዘብ እየከፈልሁ የባዕድ አገር ሰዎችን ጥበበ እድ ወደ መከታተል ያደረሰኝ ይኸው ነው።

እነዚህ ሰዎች ኮስፕሌይ የሚሉት ሥራ፣ ይኸውም በልቦለድ ወይም በፊልም የታወቀን ገጸ ባሕርይ በልብስና በጦር ዕቃ መስሎ መታየት፣ ስሙን ያገኘው በጃፓን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ይሁን እንጂ ግብሩ ከስሙ ይቀድማል። በ1939 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልቦለድ ጉባኤ ፎረስት አከርማን የመጪውን ዘመን ሰው መስሎ ገብቶ ነበር፤ ልብሱን የሰፋችለት ግን አብራው የመጣችው ሚርትል ዳግላስ ናት። የለባሹ ስም በተነሣ ቁጥር የሰፊዋ ስም አብሮ እንዲነሣ እወድዳለሁ።

በ2013 እ.ኤ.አ. ፓትሪዮንን የመሰሉ ድርጅቶች ከተነሡ ወዲህ የዚህ ሙያ ሰዎች ከተከታዮቻቸው ወርኃዊ መዋጮ እየተቀበሉ መኖር ጀመሩ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ባለሙያ በጌታው ድርጎ ሲያድር፣ የቆሎ ተማሪም መምህሩን እንጨት ለቅሞ ውኃ ቀድቶ ሲያገለግል የኖረበት አገር ነውና። ልዩነቱ ድርጎ ሰጪው አንድ ጌታ መሆኑ ቀርቶ፣ ፊታቸውን ባለሙያው የማያውቀው ብዙ ሺህ ሰዎች መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያ ምርጫዬ አልቀናኝም። በወር 5 ዶላር እየከፈልሁ ለስድስት ወር የተከተልሁት ባለሙያ የሚሠራው የብረት ልብስ ዓይን የሚያስፈዝዝ ነበር፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የሚልክልኝ ያለቀለትን ልብስ ለብሶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሰውዬውን አልወቅሰውም፤ እርሱ ውበቱን ሊያሳይ ቃል ገባ፣ ያንንም ፈጸመ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ጥበብ እገዛለሁ ብዬ አድናቆት ገዛሁ። ፎቶግራፉን ማየት ብቻ ደስ የሚያሰኘው ሰው ቢከፍል ገንዘቡ በከንቱ አልጠፋም፤ መቀስ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ያ ሁሉ ፊት ነው እንጂ ገበር የለውም።

ሁለተኛዋ ባለሙያ የተለየች ሆነች። ይህች ሴት ከሥራዋ አስቀድማ የምታሳየው የተበላሸባትን ነው። ጋሻ ለመሥራት ድፍን ስፖንጅ፣ ይኸውም ለሕፃናት መጫወቻ ወለል ላይ የሚነጠፈውን ዓይነት፣ በክብ ቆርጣ፣ ከጠርዙ ወደ መካከሉ የሾሉ ክፍተቶችን ስታወጣ፣ አንዱ ክፍተት ከሌላው ጥቂት በመስፋቱ ጋሻው ወደ አንድ ጎን ተንጋደደባት፤ እርሷም የተንጋደደውን አንሥታ ስሕተቱ የተጀመረበትን ስፍራ በእርሳስ አመለከተች፤ ልኩ የተነደፈበትን ወረቀትም ከዚያ ጋር ላከች።

እኔም በታኅሣሥ ወር ያንኑ ልክ ይዤ ለተውኔቱ የሚሆነውን ጋሻ ጀመርሁ። የሾለው ክፍተት በጠርዙ ላይ የሁለት ጣት ስፋት አለው፤ ቁጥሩ ስምንት ነው። በሁለቱ ከንፈሮች ላይ ማስቲሽ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያም ወዲያው ሳይጋጠም ይተዋል፤ ሲደርቅለት ከንፈር ከከንፈር አንድ ጊዜ ይገናኛል፣ ከተገናኘም በኋላ መመለስ የለም። ስምንቱም ሲጋጠሙ ጠፍጣፋው ነገር በእጅ ላይ ቀስ እያለ ጉብ ይልና የቆዳ ጋሻን ሆድ ይመስላል። እርሷ ለማድረቂያው የወሰነችው ጊዜ 10 ደቂቃ ነበር፤ የወገራ ብርድ ግን በ10 ደቂቃ አልታዘዘም፣ የመጀመሪያው መጋጠሚያም ተላቀቀብኝ። ማስቲሽ እሳት የሚወድ ነገር ስለሆነ ወደ ከሰሉ ማስጠጋትን ፈራሁ። ጥያቄዬን ጽፌ ብልክላት፣ ሰዓቱን ትተህ ጣትህን እመን፣ ስትነካው መያዝ ሲተው ያን ጊዜ አጋጥመው ብላ መለሰችልኝ። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር አቁሜ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁት፤ ያዘ። ይህች አንዲት መልስ የብዙ ወር ክፍያዬን የካሰች ሆና ታየችኝ።

ስለ ገንዘቡም ሳልናገር አላልፍም፤ ለእኛ አገር ሰው የምርጫው ግማሽ እዚያ ነውና። ክፍያውን የሚፈጽምልኝ አሜሪካ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ነው፤ እኔም ብሩን ለእናቱ እሰጣለሁ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመታወጁ በፊት 1 ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ስለ ነበር 5 ዶላር 285 ብር ያህል ይሆን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከ500 ብር አለፈ። ባለሙያዋ ዋጋ አልጨመረችም፤ የእኔ መርፌ ግን እጥፍ መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ መክፈል ትቼ፣ ሥራ በሚበዛበት ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ መክፈል፣ በቀሩት ወራት ማቋረጥ ጀመርሁ። ማቋረጥ ክህደት መስሎ የሚታየው ሰው አለ፤ እኔ ግን ተማሪ ከጉባኤ ወጥቶ ዘመድ ጠይቆ እንደሚመለስ እቆጥረዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያን ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ሲቆይ፣ የከፈልሁበት ሁሉ ላየው የማልችለው ከሩቅ ያለ ንብረት ሆነብኝ። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያየሁት ትምህርት ከኅሊናዬ ቀስ በቀስ ደበዘዘ፤ አስቀድሜ አውርጄ ጎንደር ያሳተምኋቸው አራት የልክ ወረቀቶች ግን በመሳቢያዬ ነበሩ፣ በዚያ ዓመት የሰፋሁትም በእነርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ከመክፈሌ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ፣ መስመሩ ነገ ቢቆረጥ በእጄ ምን ይቀራል የሚል ሆነ። እንደዚሁም ባለሙያው ለጥያቄ ይመልስ እንደ ሆነ፣ የተበላሸበትንም ያሳይ እንደ ሆነ፣ በነጻ ካወጣው ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አጥንቼ እለያለሁ፤ በነጻው ገበሩን የሸሸገ ሰው ገንዘብ ሲቀበል ይገልጠዋል ብዬ ተስፋ አላደርግም።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። የስፖንጅ ጋሻ አሠራር ከባሕር ማዶ ተምሬአለሁ፤ የላንቃን የወርቅ ክር ጥልፍ፣ ከፈዩ ላይ ክሩ ሳይጨማደድ የሚዞርበትን ብልኀት፣ የለምዱ ዘርፍ የሚቆረጥበትን ልክ እንዲህ ከገበሩ ጀምሮ የሚያሳይ የአገሬ ባለሙያ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ይህን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በጎንደር አሉ፤ እጃቸው ሲሠራ አይቼአለሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስልክ የያዘ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡና የልብሱን ገበር አሳዩን፤ ዋጋውንም ራሳችሁ ቁረጡ። የመጀመሪያው ከፋይ እኔ ነኝ፤ እንዲያ የሆነ እንደ ሆነም በክረምት አላቋርጥም።