መዝገቡ ተስተካክሏል፤ ከፋዩስ?

መጽሐፍ፦ የሕዝብ ፋይናንስና የኢኮኖሚ ዕድገት በታዳጊ አገሮች፤ ከኢትዮጵያ ማሻሻያዎች የተገኙ ትምህርቶች (በእንግሊዝኛ የተጻፈ)
ደራሲ፦ ስቲቨን ፒተርሰን
አሳታሚና ዘመን፦ ራውትሌጅ፣ 2015 እ.ኤ.አ.

የኢትዮጵያ መንግሥት የሂሳብ መዝገብ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በዚህ መዝጊያና መክፈቻ ወቅት በየከተማው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ሥራ የነዋሪውን ኑሮ ከብዙ አዋጆች አብልጦ ይነካል። ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና ነዳጅ ማግኘት አለማግኘቱ፣ የተቃጠለው የመንገድ መብራት መቀየር አለመቀየሩ፣ ጤና ጣቢያው ጓንት መግዛት አለመግዛቱ የሚወሰነው ሥራ ማስኬጃ በሚባለው የበጀት ክፍል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከውስጥ ሆኖ የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን በአገራችን እምብዛም የለም። የፒተርሰን መጽሐፍ ከጥቂቶቹ አንዱ በመሆኑ በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል። እኔ ያነበብሁት ደብረ ማርቆስንና አካባቢዋን በልቤ ይዤ ነው። መጽሐፉ መንግሥት ገንዘቡን እንዴት አድርጎ እንደሚቆጥር በሚገባ ያሳያል፤ ገንዘቡን ያዋጣው ሰው መንግሥትን እንዴት አድርጎ እንደሚጠይቅ ግን አያሳይም። ለአንድ ከተማ ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም።

ፒተርሰን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ሆነው፣ በዩኤስኤይድ የተደገፈውንና 12 ዓመታት የዘለቀውን የኢትዮጵያ የፋይናንስ ማሻሻያ ፕሮጀክት መርተዋል። መጽሐፉ የዚያ ልምድ ፍሬ ነው። አራት ሥርዓቶችን ይመረምራል፤ በጀትን፣ የሂሳብ አያያዝን፣ ዕቅድንና የፋይናንስ መረጃን። ለማሻሻያ አራት መንገዶችንም ያስቀምጣል፤ ያለውን አሠራር ለይቶ ማወቅ፣ ማሻሻል፣ መለወጥና ማጽናት። ዋናው መከራከሪያው ግልጽ ነው፤ አንድ መንግሥት ወደ ተራቀቀ የፋይናንስ አመራር ከመሄዱ በፊት ተራውን የፋይናንስ አስተዳደር ማጽናት አለበት። ደረሰኝ በወቅቱ ካልተመዘገበ፣ ሂሳብ በወቅቱ ካልተዘጋ፣ ዘመናዊ ሶፍትዌር መግዛት ውጤት አያመጣም። ኢትዮጵያ ማሻሻያውን የመራችው ከዓለም ባንክና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ትእዛዝ ውጭ በራሷ ፍላጎት መሆኑን ደራሲው የስኬቱ ትልቅ ምክንያት አድርገው ያቀርባሉ።

ይህ መከራከሪያ ትክክል መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከማሻሻያው የተገኘው የሂሳብ መደብ ዛሬ በአገሪቱ ሁሉ የሚሠራበት የጋራ ቋንቋ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለች የሂሳብ ሠራተኛ 6111 ስትል የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ስትል ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ስትል ውሎ አበል መሆኑን ደጀን ወይም ሞጣ ያለው ባልደረባዋ ሳይጠይቅ ያውቃል። ደብል ኢንትሪ የሚባለው አመዘጋገብ፣ የየመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ አንድ ጽሕፈት ቤት የሚይዝበት ፑል፣ አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ሥርዓት፣ ሁሉም ሥር የሰደዱት በማሻሻያው ዘመን ነው። በ1994 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ሥልጣን ወደ ወረዳ ሲወርድና የጥቅል ድጎማ በጀት አብሮ ሲወርድ፣ ይህ መሠረት ባይኖር ኖሮ ገንዘቡ የት እንደ ገባ የሚናገር ሰው ባልተገኘ ነበር። ፒተርሰን ለእነዚህ ትሑት ለሚመስሉ ነገሮች የሰጡት ክብር የመጽሐፉ ትልቁ በጎነት ነው። ስማቸው የማይጠራ የሂሳብ ሠራተኞች የሠሩትን ሥራ የአገር ዕድገት አካል አድርጎ የሚቆጥር ጸሐፊ ብርቅ ነው።

ጉድለቶቹን ደግሞ እንመልከት። አንደኛው የደራሲው አቋም ነው። ፕሮጀክቱን የመራ ሰው ስለ ፕሮጀክቱ ሲፈርድ የራሱ ዳኛ ይሆናል። ለስኬት የተሰጠው ገጽ ሰፊ ነው፤ የወረዳ ባለሙያዎች፣ የምክር ቤት አባላት፣ ነዋሪዎች ስለ ማሻሻያው ምን እንዳሉ ግን በራሳቸው አንደበት አንሰማም።

ሁለተኛው የከተማ ጉዳይ ነው። የመጽሐፉ ዓይን ያረፈው በፌዴራል፣ በክልልና በወረዳ ላይ ሲሆን ከተማ ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ ሰፊ ቦታ አላገኘም። የከተማ በጀት ግን ከወረዳ በጀት የሚለይበት ነገር አለው፤ ሁለት ኪስ ነው። በአንዱ ኪስ ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሰል የመንግሥት ሥራዎች የሚውለው ገንዘብ አለ፤ አብዛኛው ከክልል በድጎማ ይመጣል፣ አብዛኛው ደግሞ ለደመወዝ ይወጣል። በሌላው ኪስ ከተማው ራሱ የሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለ፤ የመሬት ሊዝ፣ የገበያና የቄራ ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያ። መንገድ፣ ፍሳሽ፣ ጽዳትና መብራት የሚጠብቁት ይህን ነው። የድጎማው መጠን የሚታወቀው ክልሉ በጀቱን ሲያጸድቅ ነውና፣ የከተማው ምክር ቤት እርግጠኛ ቁጥር ይዞ የሚወያይበት ጊዜ እጅግ ያጥራል። የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ደግሞ ግምት ነው፤ ግምቱ ከፍ ተደርጎ ከተያዘ ዓመቱ ሲጋመስ ቀድሞ የሚቆረጠው ሥራ ማስኬጃ ይሆናል፤ ደመወዝ አይቆረጥምና። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት እንዲህ ያለውን ግምት ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል፤ መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ የከተማ ገቢ ይወርዳል። መጽሐፉ ስለ አመዘጋገብ ያስተማረን ሁሉ ለሁለቱም ኪሶች ይሠራል፤ ሁለቱን አስታርቆ ማቀድን ግን ከሌላ ቦታ መማር ይኖርብናል።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉም የከፋ ነው። ፒተርሰን ስለ ባለቤትነት ሲያነሡ የሚያስቡት የመንግሥትን ባለቤትነት ነው፤ የከፋዩ ባለቤትነት ጎልቶ አይታይም። ጎጃም በዚህ ጉዳይ የሚናገረው ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የጎጃም ገበሬ አመፀ። የታሪክ ተመራማሪው ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የገበሬ ዓመፆች ጥናት እንዳሳዩት፣ ጉዳዩ የብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። ገበሬው መሬቱ ሲለካ ርስቱን የሚያጣ መሰለው፤ ግብሩን በሚሰበስቡት ሹማምንትም እምነት አልነበረውም። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ዓመፁ ግን አልበረደም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጎጃም መጡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት መዝገብ ምንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ያልተመከረበትን ግብር ለመሰብሰብ አይበቃም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ከፋዩን ወደ በጀቱ ለማስጠጋት ሞክራለች። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን በአደባባይ እንዲለጥፉ፣ ነዋሪውም በጀት ማንበብ እንዲሠለጥን አድርጓል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄዱት የከተማ ፕሮግራሞች ደግሞ በ2006 ዓ.ም. 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞችን ይዘው፣ ኦዲትን፣ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድንና የነዋሪ ተሳትፎን ገንዘብ ለማግኘት መስፈርት አደረጉ። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ተሳትፎ ከውጭ ለሚመጣ ገንዘብ መስፈርት ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ልማዱም ሊያልቅ ይችላል።

የከፋዩ ተሳትፎ ጥያቄ አሁን አንገብጋቢ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ከተሞች ቤትንና የመሬት ይዞታን ገምተው ግብር እንዲሰበስቡ መንገዱ ተከፍቷል። ለደብረ ማርቆስ ዓይነት ከተማ ይህ ከድጎማ ጠባቂነት የሚያላቅቅ ዕድል ሊሆን ይችላል። ግምቱ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ገንዘቡ ለምን እንደ ዋለ በግልጽ ካልተነገረ ግን፣ የ1960ው ጥርጣሬ በሌላ መልክ ሊመለስ ይችላል። ይህን የሚከላከለው የበጀት ግምገማ ነው፤ ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ። ግምገማውም የአፈጻጸም መቶኛ ብቻ የሚነበብበት መሆን የለበትም። ምክር ቤቱ ፊት መቅረብ ያለባቸው የጸደቀው በጀት፣ ከዝውውር በኋላ የተስተካከለው በጀትና በተግባር የወጣው ገንዘብ ናቸው፤ ከአጠገባቸውም በገንዘቡ የተሠራው ሥራ። ከነዳጅ ወደ ውሎ አበል የተዛወረ ብር ካለ፣ ማን እንደ ወሰነና ለምን እንደ ወሰነ መጻፍ አለበት።

ብያኔዬ እንዲህ ነው። የፒተርሰን መጽሐፍ ለመንግሥት ፋይናንስ ባለሙያ የግድ የሚነበብ፣ ለተሟላ የከተማ በጀት ግንዛቤ ግን ብቻውን የማይበቃ ሥራ ነው። ወደ አማርኛ ቢተረጎምና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሂሳብና በሥራ አመራር ትምህርት ክፍሎች መወያያ ቢሆን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከጎኑ የ1960ው ዓመፅ ታሪክ አብሮ እስከተነበበ ድረስ። ለከተማ ምክር ቤት አባላትም የምለው አለኝ። መጽሐፉን ማግኘት ባትችሉ እንኳ የከተማችሁን የሂሳብ መደብ ተማሩ። በሚቀጥለው የግማሽ ዓመት ግምገማ መቶኛው ሲነበብላችሁ፣ ከጀርባው ያለውን ዝርዝር ጠይቁ። ነዋሪውም ግብሩን ከፍሎ ደረሰኙን ሲቀበል፣ የተለጠፈውን በጀት የት እንደሚያገኝ ይጠይቅ፤ ካልተለጠፈም እንዲለጠፍ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው።