ማን ነው የሚናገረው?

አንድ ወጣት የዊልያም ጋዲስን «ጄ አር» ሊጀምር ተነሥቶ፣ «መጀመሪያ የትኛውን ማብራሪያ ላንብብ?» ሲል ጠየቀኝ። «አንዱንም» አልኩት። «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያለ ረዳት ይገባል?» አለ። ይገባል።

ማብራሪያ አልጠላም። እ.ኤ.አ. በ1973 ለወጣው የቶማስ ፒንቾን «ግራቪቲስ ሬይንቦው» ገጽ በገጽ የሚፈታው መጽሐፍ በ1988 ታትሞለታል፤ ብዙ ያስተምራል። ቦታው ግን ሁለተኛው ንባብ ላይ ነው። «ጄ አር»ን በማብራሪያ የጀመረ ሰው ዋናውን ነገር ገና ከመግቢያው ያጣል።

በ1975 የታተመው ይህ ልቦለድ ከ700 ገጽ በላይ ነው። ምዕራፍ የለውም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ንግግር ነው። «እገሌ አለ» የሚል የለም፤ ተናጋሪ መለወጡን የምታሳየን አንዲት ጭረት ብቻ ናት። ባለታሪኩ የ11 ዓመት ተማሪ ነው። የስልኩን መነጋገሪያ በመሐረብ ሸፍኖ ይደዋውላል፤ ከባሕር ኃይል የተረፈ የእንጨት ሹካ ለምድር ጦር ይሸጣል፤ ከዚያ ኩባንያ በኩባንያ ላይ ይደርባል። በስልክ የሚዋዋሉት ሰዎች ድምፅ ብቻ ስለሚሰሙ ልጅ መሆኑን አያውቁም። አንባቢም የተሰጠው ድምፅ ብቻ ነው። እነሱ ማን እንደሚናገር አይጠይቁም፤ አንባቢው ግን በየመስመሩ ለመጠየቅ ይገደዳል። የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው እዚሁ ችግር ውስጥ ነው። መልሱን ከማብራሪያ የገለበጠ ሰው ከእነዚያ ነጋዴዎች በምን ይሻላል?

ስለዚህ ጮክ ተብሎ ይነበብ። በልቦለዱ ውስጥ ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ባስት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ይቋረጣል። የልጁ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስልክ ሲያነሣ የምንሰማው የእሱን ወገን ብቻ ነው። ዓይን ያምታታውን ጆሮ ይለየዋል።

እኔ የምተዳደረው በስልክ አስተርጓሚነት ነው፤ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሐኪምንና አማርኛ ተናጋሪ ታማሚን አገናኛለሁ። አንዲት እናት ስለ መድኃኒታቸው ሲጠየቁ «እወስዳለሁ ልጄ፣ ብቻ…» ብለው ዝም አሉ። ሐኪሙ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፍ ሲል «ይቅርታ ዶክተር፣ አልጨረሱም» አልኩ። ለካ ቶሎ እንዳያልቅባቸው ኪኒኑን ለሁለት እየገመሱ ነበር የሚውጡት። በተቋረጠ ንግግር ላይ መቆምን የለመድኩት ከጋዲስ ነው።

አስቸጋሪ ልቦለድ ሁሉ ትልቅ ነው አልልም። የሚያስቸግረን ሌላውን ሰው አጥርተን እንድንሰማ ከሆነ ግን፣ አንባቢን ከዚያ ድካም የሚገላግል ሰው ውለታ አልዋለለትም።