«ደካማ» የሚለውን ቃል አናድክመው

እንግሊዝኛው «ዊክ» ይላል፤ ተርጓሚያችን «ደካማ» ብሎ ያልፋል። ሻዩም ደካማ፣ ሰበቡም ደካማ፣ መብራቱም ደካማ! እስቲ ማነው በናቱ ቤት «ደካማ ሻይ ቅጂልኝ» ሲባል የሰማ? ሻይ ይቀጥናል፤ ሰበብ ውሃ አያነሳም፤ ድምፅ ሰለል ይላል፤ ብርሃን ይደበዝዛል፤ ሐሳቡ የማይጸና ሰው ወላዋይ ነው። ቡና እንኳ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ሲቀጥን በረካ የሚባል ስም አለው።

በጽሑፍ ምሽቶቻችንም ያው ነው። አንዱ ይነሳና «ግጥሙ ደካማ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ምኑ? ቤቱ አልመታም? ሐሳቡ ቀጠነ? ገጣሚው ምን ይዞ ይሂድ?

የሁለቱ ቃላት ትውልድም ለየቅል ነው። «ዊክ» ከጥንቱ የኖርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ሥሩ መታጠፍን፣ መርታትን ሳይሆን መረታትን ያመለክታል። የኛው «ደካማ» ግን ከ«ደከመ» የተወለደ ነው፤ ድካም ደግሞ መዛል ብቻ ሳይሆን ልፋትም ነው። «የድካሙን ዋጋ አገኘ» ሲባል ስለ አቅም ማጣት የሚያስብ የለም። «ደካማ እናት አለችኝ» የሚል ልጅም እናቱን መናቁ አይደለም፤ ለፍታ የዛለች ናት፣ ጧሪ ትሻለች ማለቱ ነው። ቃሉ በሰሚው ላይ ዕዳ ይጥላል። «ዊክ» ይህን ዕዳ ከየት አባቱ ያምጣው! (የሚቀርበው «ፊብል» ነበር፤ በፈረንሳይኛ በኩል «ሊለቀስለት የሚገባ» ከሚል የላቲን ቃል ወጥቷልና። ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ ለመናቂያ ነው የሚውለው።)

ሰዋስው ላይማ ይብሳል። ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም፣ እ.ኤ.አ. በ1819 መታተም በጀመረው መጽሐፉ፣ የነጀርመንኛንና የነእንግሊዝኛን ግሦች «ብርቱ»ና «ዊክ» ብሎ ለያቸው። ብርቱው ያለፈውን ጊዜ ለመናገር የውስጥ አናባቢውን ይለውጣል፤ ሌላው ከኋላው ቅጥያ ይደገፋል። ይህን «ደካማ ግሥ» ስንለው ነገ የሚሞት ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ አዲስ የሚገባ ግሥ ከሞላ ጎደል ሁሉ የዚሁ ወገን ነው የሚሆነው። መርዳት ማለት የሆነው «ሄልፕ» ራሱ ጥንት ከብርቱዎቹ ነበር፤ ትቷቸው ወደነዚህ ገባ። «ተደጋፊ ግሥ» ብንለውስ? የተሻለ ያለው ለሚመጣው እትም ይጻፍልን።