ላም አርቢ መባል ስድብ ነው እንዴ?

«ስድቡ የቱ ጋ ነው?» አለኝ ታናሽ ወንድሜ። መልስ አልነበረኝም። ደብረ ብርሃን ተቀምጠህ፣ ጎረቤትህ ወተት እየሸጠ ልጆቹን በሚያስተምርበት ሰፈር፣ ላም አርቢ መባል ለምን እንደሚያሳፍር ማስረዳት ይከብዳል።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲጠፋ እኔም ሥራ ፈት ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ከነበሩት ጥቂት ጌሞች አንዱ «ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሉካስፊልም ጌምስ የወጣ፣ ሮን ጊልበርት ከቲም ሼፈርና ከዴቭ ግሮስማን ጋር የሠራው የባሕር ወንበዴዎች ቀልድ ነው። ኢንተርኔት አይጠይቅም። የድሮው ቅጂ መጠኑ ከአንድ የዘፈን ቪዲዮ ያንሳል።

ጋይብረሽ ትሪፕዉድ የሚባል ጎረምሳ ሜሌ ደሴት ይደርስና የባሕር ወንበዴ መሆን እፈልጋለሁ ይላል። ሦስት ፈተና ይሰጠዋል፦ በሰይፍ ማሸነፍ፣ መስረቅና የተቀበረ ሀብት ማግኘት። ተጫዋቹ ከስክሪኑ ግርጌ ከተደረደሩት ግሦች አንዱን ይመርጥና (ክፈት፣ ስጥ፣ አናግር…) ሰው ወይም ዕቃ ላይ ክሊክ ያደርጋል። በቃ። የጣት ፍጥነት አያስፈልግም። ጊልበርት ጌሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጻፈው ጽሑፍ፣ ተጫዋቹን በየደቂቃው እየገደሉ የሚያሰለቹ ጌሞችን ተችቶ ነበር፤ እዚህ ቃሉን አክብሯል። ጋይብረሽን መግደል ከፈለጋችሁ ውኃ ውስጥ ታስሮ ሳለ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ዝም ብላችሁ ማየት አለባችሁ።

የጌሙ ልብ ያለው የሰይፍ ፈተናው ላይ ነው። እዚህ ደሴት ላይ በሰይፍ የሚያሸንፈው ክንዱ የበረታው ሳይሆን አፉ የበረታው ነው። አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው ለዚያ ስድብ የሚገባውን መልስ ይመልሳል። ካልመለሰ ወደ ኋላ ይገፋል። መጀመሪያ ላይ ጋይብረሽ ምንም አያውቅም። አዲስ ስድብ የሚማረው ሲሰደብ ነው፤ አዲስ መልስ የሚማረው ደግሞ እሱ ተሳድቦ የተሻለ ሰው አፉን ሲያስይዘው። ማለትም ለማሸነፍ መጀመሪያ በደንብ መሸነፍ አለባችሁ። እንዲህ የመሰለ የጨዋታ ሕግ ብዙ አላየሁም።

ወንድሜን አስቀምጬ ላጫውተው ሞከርኩ። አማርኛ ላይ ምላሱ እሳት ነው፤ ሰፈር ውስጥ በነገር የሚችለው የለም። እንግሊዝኛው ስክሪን ላይ ሲመጣ ግን ዝም አለ። የመልሶቹን ዝርዝር አየ፣ አንዱን በግምት ነካ፣ ተሸነፈ። ደግሞ ነካ፣ ደግሞ ተሸነፈ። ጎበዝ የሆነበት ነገር ፊቱ ቀርቦለት እንደ ፈዛዛ ልጅ ሲታይ ማየት ያማል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በየክፍሉ ከኋላ ወንበር ዝም ብለው የተቀመጡ ልጆች ትዝ አሉኝ። ስንቶቹ ናቸው ያላወቁ የመሰሉን፣ የጠፋቸው ግን ቋንቋው ብቻ የሆነ?

ስለዚህ ኮዱን ተውኩትና ደብተር አወጣሁ። ስድቦቹንና መልሶቹን ወደ አማርኛ እየመለስን ቁጭ ብለን መሰዳደብ ጀመርን። ያኔ ነው ላሟ የመጣችው። ከስድቦቹ አንዱ ባላጋራው የሚዋጋው እንደ ወተት ላም አርቢ መሆኑን ይናገራል። ትክክለኛው መልስ ደግሞ፣ ግጥሙ ጥሩ ነው፣ አንተም የምትዋጋው እንደ ላም ነው የሚል ነው። ወንድሜ ስድቡን ሲሰማ «ስንት ላም አለው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሲሰማ ግን ሳቀ። ስድቡ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ሞተ፤ መልሱ ተረፈ።

ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ጌሙ ራሱ ብልጠቱን ያስቀመጠው መልሱ ውስጥ ነው። የመጨረሻዋ ተፋላሚ፣ የሰይፍ ሊቋ ካርላ፣ እስከዚያ ድረስ ያጠናችሁትን አንዱንም ስድብ አትጠቀምም። አዳዲስ ስድብ ታወርዳለች። የእናንተ መልሶች ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። እንግዲህ ስድብና መልስን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሸመደደ ሰው እዚህ ያልቅለታል። የደማችሁን ጠብታ ሁሉ አልባለሁ ብላ ስትዝት፣ ማለብ ከላም ጋር እንደሚሄድ የገባው ብቻ የላሟን መልስ ያነሣል። ወንድሜ ይህን እኔ ሳልነግረው አገኘው። ማለብ በአማርኛም ማለብ ነዋ!

ከአንኮበር መጥተው እኛ ጋ የሰነበቱት አያታችን ጥግ ላይ ሆነው ይሰሙን ነበር። ልጅ ሳሉ በላ ልበልሃ አይተዋል። ዘመናዊው ሕግና ጠበቃ ቦታውን ከመውሰዱ በፊት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ተወራርደው፣ ቤት በሚመታ ቃል የሚሟገቱበት የፍርድ ሥርዓት ነው። አደባባዩ ሙሉ ሰው ይሰማል፤ ቃል ያጠረበት ይረታል። አባባ ስለ ባሕር ወንበዴ ደንታ የላቸውም፤ ጨዋታውን ግን ወዲያው ለዩት። «የሰደበህ ሰው ዱላውን አቀብሎሃል» አሉት ወንድሜን። «አንተ መቀበል ብቻ ነው።»

ቀጥለው ትርጉማችንን አረሙ። ሁሉንም ስድብ «አንተ» እያልን ነበር የጻፍነው። እሳቸው «እርስዎ» በሉት አሉን። ሞከርነው። «እርስዎ የሚዋጉት እንደ ላም ነው» ሲባል፣ አክብሮቱ ራሱ ስድብ ሆኖ ያርፋል። እንግሊዝኛው ይህን መሣሪያ አያውቀውም፤ ለሁሉም አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። በዚያው መጠን ደግሞ ለፕሮግራመር ይቀለዋል። ያው መልስ ለወንዱ ወንበዴም ለካርላም ሳይለወጥ ይሠራል። አማርኛ ላይ «የምትዋጋው» እና «የምትዋጊው» ስላለ አንዱ መልስ ቢያንስ ሦስት መልክ ያስፈልገዋል። እኔ ይህን እንደ ችግር መዝግቤው ነበር። አባባ ሲናገሩት ግን ሀብት ሆኖ ተሰማኝ።

ጌሙ ሁሉ ነገሩ እንዲህ ድንበር ይሻገራል ማለት አይደለም። አንድ ድልድይ ላይ የቆመ ጭራቅ ትኩረት የሚስብ ነገር ግን ቁም ነገር የሌለው ዕቃ ካልሰጣችሁኝ አላሳልፍም ይላል። መፍትሔው ቀይ ዓሣ ነው። ለምን? እንግሊዝኛ ላይ የዚያ ዓሣ ስም አሳሳች ፍንጭ ማለትም ስለሆነ። ሰሙ ዓሣ፣ ወርቁ ማዘናጊያ መሆኑ ነው። ቋንቋው ላላደገበት ሰው ግን ወርቁ የለም፤ እጁ ላይ የሚቀረው የሚሸት ዓሣ ብቻ ነው። የላሟ መልስ በሐሳብ ስለቆመ ይሻገራል፤ ዓሣው በአንድ ቋንቋ ላይ ብቻ ስለቆመ ይሰጥማል።

ሌላም ቅር የሚል ነገር አለ። መንኪ አይላንድ ላይ ያሉት ነዋሪዎች ሰው በላ ተብለው ነው የቀረቡት። ሥጋ ትተው ስለ ጤናማ ምግብ የሚጨነቁ ናቸው፣ ቀልዱ እሱ ነው። ቢሆንም ከድሮ አውሮፓዊ መንገደኛ የተወረሰው ሥዕል ከቀልዱ ሥር አልጠፋም። በተቃራኒው ገዢዋ ኢሌን ማርሊ ላይ ያለው ቀልድ ዛሬም አላረጀም፤ ጀግናችን ሊያድናት ሄዶ፣ እሷ ራሷ አዘጋጅታ የጨረሰችውን ማምለጫ ያበላሽባታል።

እና እኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ «ቅኔ» የሚባል የጌም ኩባንያ አለ። «ኩኩሉ» የተባለው ጌሙ ላይ ዶሮ ከገበሬ ታመልጣለች። ሩጫው ደስ ይላል፣ ዶሮዋም የኛ ናት። ግን ቅኔ የሚል ስም ስሰማ ልቤ የሚጠብቀው ሩጫ አይደለም፣ ነገር ነው። የአለቃ ገብረ ሃና አገር ሰዎች ነን። በአንድ ቃል ሁለት ሰው የሚመታበት ቋንቋ ይዘን፣ ጌም ስንሠራ አፋችንን ዘግተን የምንሮጠው ለምንድን ነው? ለዚህ ዓይነት ጌም ትልቅ ግራፊክስ አያስፈልግም። የ1990ዎቹ ያንን የሚያህል ስክሪንና ጥሩ ጸሐፊ ይበቃዋል። ውዱ ጸሐፊው ነው፤ እሱ ደግሞ በየሰፈሩ አለ።

በየሰፈሩ አለ ስል እያጋነንኩ አይደለም። የዓሣውን እንቆቅልሽ «ወደ አማርኛ አይመለስም» ብዬ ደብተሬ ላይ ሰርዤው ነበር። ወንድሜ በማግስቱ መጥቶ «ለጭራቁ ሰማያዊ ወረቀት ላይ ላም ሥለን እንስጠው» አለኝ።

ትንሽ ቆይቼ ነው የገባኝ። ላም አለኝ በሰማይ።