የጥልቀት መስመር

«ጋሼ፣ ውሃው ጥልቅ እንዲመስል መዳቡን ስንት ጊዜ አሲድ ውስጥ ልመልሰው?» አለኝ መዳብ ላይ በአሲድ የሕትመት ሥዕል መቅረጽ የማስተምረው አዲሱ ልጅ።

«አንድም ጊዜ!»

ደነገጠ። የተቆጣሁት በእሱ ሳይሆን ጥልቀት ማለት ጥቁረት ነው ብለው ባሳመኑት፣ በመስመር ፈንታ በአሲድ ጥላ በሚያወጡት የአኳቲንት ወዳጆች ነው። ጥቁር ውሃ ጥቁር ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም።

ምስክሬ ሆላንዳዊው ቀያሽ ኒኮላስ ክሩኪዩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1730 በታተመው የመርዌዴ ወንዝ ካርታው ላይ ጥልቀታቸው እኩል የሆኑ ቦታዎችን በመስመር አገናኘ። ሌላው ማዕበል ሲስል እሱ የወንዙን ወለል አሰመረ። የፒተር ኖልፔን ሕትመት እዩ፤ በ1651 አምስተርዳም አጠገብ የቅዱስ አንቶኒ ግድብ ሲደረመስ ያሳያል። ያስደነግጣል፣ አልክድም። ቢሆንም ጎርፉ ስንት ክንድ እንደሆነ አይነግረኝም።

በ1734 ደግሞ አምስተርዳም ውስጥ ሁለት ተፎካካሪ የወፍጮ መጻሕፍት ወጡ፤ የአንዱን ሥዕሎች ያን ፑንት፣ የሌላውን ያን ስኼንክ መዳብ ላይ ቀረጿቸው። (ወፍጮ ስል ዱቄት አይታያችሁ። በዚያ አገር እህል የማይፈጭ፣ በነፋስ እየዞረ ረግረግ የሚያደርቅም ወፍጮ ይባላል።) አናጢ ልኬት ወስዶ ሊሠራበት የሚችል ሥዕል ነው። እንዲህ ያለ መስመር ፊት ጥላ ምን ይሠራል?

እኔም ግን ከዚህ ልጅ አልሻልም ነበር። መጀመሪያ ሆላንድ ስገባ አውሮፕላኑ ያረፈው ሐይቅ ወለል ላይ መሆኑን አላወቅሁም። የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ያለበትን የሃርለም ሐይቅ ከ1849 እስከ 1852 ሦስት የእንፋሎት ፓምፖች ጠጥተው አደረቁት፤ አንዱ ክሩኪዩስ ይባላል። ለደጋ ሰው ተራራ የሌለበት አገር ራስ ያዞራል። ብቻ የዚያን ሰሞን አንድ ቦይ መዳብ ላይ ጀመርኩና ጥልቅ ይሁንልኝ ብዬ አሲዱ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት መስመሮቹ ተበልተው፣ ተደርምሰው አንድ ሰፊ ጉድጓድ ሆነዋል። ቀለም ቀብቼ ስወለውለው ጨርቁ ከጉድጓዱ ቀለሙን ጠርጎ አወጣው፤ ጥቁር የጠበቅሁት ውሃ አመድ መስሎ ታተመ።

ያንን መዳብ ሃያ ዓመት ከመሳቢያዬ አላወጣሁትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ለልጁ ሰጠሁትና በጣቱ ዳበሰው። ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይኼ ግን ጥልቅ ነው፣ ጋሼ።»