የወላይታ ጨዋታ በብሔራዊ ቴአትር

በመስከረም ወር፥ በዳሞታ ተራራ ሥር ባለችው በሶዶ ከተማና በዙሪያዋ፥ ጊፋታ የተባለው የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ሲደርስ፥ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቀሙ ጎረቤቶች በሬ አርደው ሥጋውን ይከፋፈላሉ፤ ወጣቶችም «ሀያያ ሌኬ» እያሉ ወደ ጨዋታ ይወጣሉ። አንዱ ያወጣል፥ ብዙው ይቀበላል። ያልዘፈነው ያጨበጭባል፤ ያጨበጨበውም ጥቂት ቆይቶ ይገባበታል። በዚያ ቦታ ተመልካች ብቻ ሆኖ የሚቆም ሰው ቢኖር እንግዳ መሆን አለበት።

ይኸው ጨዋታ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ምክንያቱ በከፊል ሕንፃው ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲኒማ ቤት እንዲሆን ጀመሩት፤ በኋላ ሾሜት የተባለው የፈረንሳይ አርክቴክት አሻሽሎ ሠራውና፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተመረቀ። ስለዚህ ከ1,000 ሰው በላይ የሚይዘው አዳራሽ ፊቱን ሁሉ ወደ አንድ ወገን የመለሰ ነው።

ለንግግር ቴአትር ይህ መልካም ነው። በምረቃው የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ጸጥታን የሚፈልግ ነገር ነበረ፤ ንጉሥ በበደሉ የሚወቀስበትን ታሪክ በንጉሥ በዓል ላይ ማሳየትም ቀላል ድፍረት አይደለም።

የወላይታ ዘፈን ግን በጸጥታ አይኖርም። ተወዛዋዦቹ ዱንጉዛ ለብሰው፥ ተሰልፈው፥ ወገባቸውን በሚያስደንቅ ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ጥበባቸው አይነቀፍም። ነገር ግን ጨዋታው በጥቂት ደቂቃ ተቈርጦ፥ ከሌላው አገር ጭፈራ ጋር ተራ ገብቶ ሲቀርብ፥ ወገቡ ብቻ ይቀርና ቅብብሉ ይጠፋል። ተመልካቹም ስለ ፍጥነቱ ያጨበጭባል እንጂ ዘፈኑን ለመቀበል አይደለም። (በሶዶ ያደገ ሰው ከወንበሮቹ መካከል ቢገኝ፥ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ እንዴት ይሆንለታል?)

የመድረኩ አዘጋጆች ግድግዳውን ማፍረስ አይችሉም፥ አያስፈልግምም። የመጨረሻውን ዘፈን ከመድረክ ወርደው በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ቢያዘፍኑት፥ የአዳራሹንም መብራት ቢያበሩት፥ ሕዝቡ መቀበያውን ከሁለተኛው ዙር በፊት ይይዘው ነበር።