ከጭምብሉ በታች ያለው አካል፦ የሶካሪ ዳግላስ ካምፕ ብረታ ብረት ቅርጾች

በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የሚታዩት የካላባሪ ጭምብሎች በአብዛኛው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቀና ተደርገው የቆሙ የእንጨት ራሶች ናቸው። የካላባሪ ሕዝብ በሚኖርበት በናይጄሪያ የኒጀር ዴልታ ግን ያ እንጨት ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ በጨፋሪው አናት ላይ ይጋደማል። ሕዝቡ የሚያየው ጨርቁን፣ ጌጡን፣ ከሁሉም በላይ ከበሮውን የሚከተለውን አካል ነው። እንግዲህ ሰብሳቢዎቹ ይዘው የሄዱት ከትርኢቱ ሁሉ እምብዛም የማይታየውን ክፍል ነበር። ሶካሪ ዳግላስ ካምፕ ለአርባ ዓመታት ያህል በብረት ስትሠራ የኖረችው የቀረውን ነው።

ቀራፂዋ በ1958 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ቡጉማ በተባለችው የካላባሪ ከተማ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እንግሊዝ ሄደች። ያሳደጋት የእህቷ ባል ሮቢን ሆርተን ነው፤ ስለ ካላባሪ ሃይማኖትና ጭፈራ ከጻፉት መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሳ አንትሮፖሎጂስት። ይህ ዝምድና ስለ እሷ በሚጻፉ ሐተታዎች እንደ ዋዛ ይታለፋል። እኔ ግን በካሊፎርኒያና በለንደን ከቀሰመችው የሥነ ጥበብ ትምህርት የማያንስ ይመስለኛል፤ ባህሉን በአንድ ጊዜ እንደ ቤተሰብ ወግም እንደ ጥናትም አግኝታዋለችና።

በካላባሪ ጭምብል የሚያጠልቁት የኤኪኔ ማኅበር አባላት ወንዶች ናቸው፤ ሴት ትመለከታለች እንጂ አትለብስም። ማኅበሩ ግን ስሙን ያገኘው ከሴት ነው። በአፈ ታሪኩ ኤኪኔባ የተባለች ቆንጆ በውሃ መናፍስት ተጠልፋ ወደ ዓለማቸው ወረደች፤ ጭፈራቸውን ተምራ ተመለሰችና ለአገሯ ሰው አስተማረች። ከበሮውን ሁልጊዜ ቀድማ የምትመታው እሷ እንድትሆን ታዝዞ ነበር። ጎረምሶቹ ትእዛዙን ቢጥሱ መናፍስቱ ዳግመኛ ላትመለስ ወሰዷት። ርቃ ሄዳ፣ ተምራ የተመለሰች ሴት ታሪክ ለስደተኛዋ ቀራፂ በልኳ የተሰፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ንጽጽሩን እስከ መጨረሻ መግፋት አያዋጣም። ኤኪኔባ ያመጣችው ጭፈራውን ነው፤ ሶካሪ ያመጣችው የተመልካቿን ዓይን ነው።

ይህ ዓይን በ‹ኦቶቦ› (1995) በግልጽ ይታያል። የጉማሬ ጭምብል ያጠለቀው ጨፋሪ ከራስ እስከ እግር አለ። ላሜራው ተቆርጦና ታጥፎ፣ ቁራጭ በቁራጭ ተበይዶ ቆሟል፤ በክፍተቶቹ ብርሃን ያልፋል፣ ተመልካቹ ዙሪያውን በተራመደ ቁጥር ቅርጹ ይለዋወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንዶቹን ሥራዎቿን በሞተር ታንቀሳቅስ ነበር። ለእኔ ግን ሞተር የሌላቸው ይበልጣሉ፤ እንቅስቃሴው እዚያው ብየዳው ውስጥ አለ።

ዓለም አቀፍ ዝናዋ የመጣው በየትኛው በር እንደሆነ ግን ልብ ማለት ያሻል። በ1988 ዋሽንግተን ላይ የተቀበላት የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ነው። በ1995 ለንደን ላይ የብረት ጭምብሎቿን ያሳየችው የብሪቲሽ ሙዚየም የሕዝቦች ባህል ክፍል በነበረው ቤት ነው፤ ‹ኦቶቦ›ም የሚገኘው በዚያው ሙዚየም የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በ2003 በለንደኑ የትራፋልጋር አደባባይ አራተኛው የሐውልት መቆሚያ ላይ ለሚቆም ሥራ ከታጩት አንዷ ብትሆንም ዕጣው ለሌሎች ወጣ። የጭምብሉን ጎዶሎ አቀራረብ የሚሞላው ሥራ ጭምብሉ ባለበት ክፍል መቀመጡ ተገቢ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ክርክሩ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ኑሮዋና የብየዳ ሥራ ቤቷ ለንደን የሆነን፣ በሕይወት ያለችን ቀራፂ ከጥንት ቅርስ ጋር ብቻ ማስቀመጥ ዘመኗን ይነጥቃታል። በቅርብ ዓመታት ወደ ቦቲቼሊና ወደ ዊልያም ብሌክ ሥዕሎች መዞሯ ለዚህ መልስ ይመስላል፤ ብሌክ እርቃናቸውን የሣላቸውን ሦስት አህጉራትን የሚወክሉ ሴቶች አልብሳ አቁማቸዋለች። ሐሳቡ የሚያስደስት ቢሆንም አንዳንዱ ሥራ ወደ ጌጥነት ያዘነብላል፤ የ‹ኦቶቦ› ድንጋጤ የለውም።

ያ ድንጋጤ ሙሉ በሙሉ የሚገኘው በ2006 በሠራችው ‹የትግል አውቶቡስ› ነው። በኅዳር 1995 ከስምንት ጓዶቹ ጋር በናይጄሪያ ወታደራዊ መንግሥት የተሰቀለው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋ መታሰቢያ የሆነ፣ በእውነተኛ መጠን የተሠራ የብረት አውቶቡስ ነው። ጣሪያው ላይ የስምንቱን ስም የተሸከሙ የነዳጅ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ጎኑ ላይ ደራሲው የነዳጅ ኩባንያዎችን በኒጀር ዴልታው የኦጎኒ ሕዝብ ላይ ዘር በማጥፋት የከሰሰበት ቃል ተቀርጿል። በርሜሉ እዚህ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ሆኗል፤ ነዳጁ የሚወጣው ከዴልታው ነውና። በብሪታንያ ለዓመታት ያለችግር ታየ። በ2015 ለሃያኛው የመታሰቢያ ዓመት ለኦጎኒ ሕዝብ በስጦታ ሲላክ የናይጄሪያ ጉምሩክ ሌጎስ አፓፓ ወደብ ላይ ያዘው፤ ምክንያት ሆኖ የቀረበውም ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነበር። የመታሰቢያው ቀን ሲደርስ የለንደን ተመልካች ለዘጠኝ ዓመት በነፃ ያየውን አውቶቡስ ኦጎኒዎች አላገኙትም ነበር።